የኒያንደርታል ውርስ ወደ ደጋችን በየት በኩል ገባ?

በቅርቡ በቤተሰባችን ግሩፕ ላይ አንድ ምስል ተለቀቀ። በአንድ በኩል የአፍሪካ ካርታ፣ በሌላው በኩል የአውሮፓ። ከሥሩ «አፍሪካዊ መቶ በመቶ ሰው ነው፤ ሌላው ከኒያንደርታል የተዳቀለ ነው» የሚል ጽሑፍ አለበት። አጎቶቼ ወዲያው በጭብጨባ አጥለቀለቁት። አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ግን ከወራት በፊት ምራቋን ልካ ያስመረመረችውን የዘረመል ውጤት ፎቶ አንስታ ለጠፈች። እዚያ ላይ ትንሽም ብትሆን የኒያንደርታል ድርሻ ተጽፎባታል። «ታዲያ ይሄ ምንድነው? እኔ አፍሪካዊ አይደለሁም እንዴ?» አለች። ግሩፑ ጭጭ አለ።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ጥያቄ ነው። ግን ለእሷ ብቻ አይደለም። ያ ምስል በየቦታው እየዞረ ነው፤ በቲክቶክም በፌስቡክም አይቼዋለሁ፣ አንዳንዴ በኩራት አንዳንዴ በስድብ። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ውሸቱ ብቻ ሳይሆን ውሸቱ የሸፈነው ታሪክ ነው። እውነተኛው ታሪክ እኛን በቀጥታ ይነካል፣ የጋሞ ተራሮችን ይነካል፣ ቀይ ባሕርን ይነካል፤ ከምስሉም በጣም የተሻለ ነው።

መጀመሪያ ኒያንደርታል ማን ነው? (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1856 ጀርመን ውስጥ፣ ዱሰልዶርፍ ከተማ አጠገብ ባለ ኒያንደር የሚባል ሸለቆ፣ የኖራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ ዋሻ ሲጠርጉ አጥንት አገኙ። የድብ መስሏቸው ነበር። ዮሃን ካርል ፉልሮት የሚባል የአካባቢው መምህር ነው የሰው አጥንት መሆኑን የለየው። «ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ማለት ነው፤ ስሙ ከዚያ መጣ። እነዚህ ሰዎች ከአውሮፓ እስከ ሳይቤሪያው አልታይ ተራራ ድረስ ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ኖረዋል። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጠፉ። አፍሪካ ውስጥ የኒያንደርታል አጥንት ተገኝቶ አያውቅም።

«ኒያንደርታል» ሲባል ብዙ ሰው ዱላ የያዘ ጎባጣ አውሬ ነው የሚታየው። ይህን ሥዕል ከጭንቅላታችን ብናወጣው ጥሩ ነው። በኢራቅ ኩርዲስታን ሻኒዳር በሚባል ዋሻ የተገኘ አንድ ኒያንደርታል አለ። አንድ ዓይኑ ገደማ ክፉኛ ተመትቶ ሳያይበት አልቀረም፤ ቀኝ ክንዱ ሰልሏል፣ ከክርኑ በታች ያለው ክፍል የለም። ቁስሎቹ ግን ድነዋል፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ኖሯል። በአንድ እጅና በአንድ ዓይን በዚያ ዘመን ብቻውን አድኖ መኖር አይታሰብም። አንድ ሰው ያበላው ነበር፤ አንድ ሰው ይጠብቀው ነበር። ሰው ነበሩ። የተለዩ፣ ግን ሰው።

እኛ ደግሞ በዚያው ዘመን አፍሪካ ውስጥ ነበርን። ከኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የሆሞ ሳፒየንስ አጥንቶች ዕድሜ በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ተብሏል። ከአፋር ኸርቶ የተገኙት 160 ሺህ ዓመት ገደማ ናቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች፣ አንዱ በሰሜን በብርዱ፣ አንዱ በአፍሪካ። ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ በአጥንት ቅርጽ ብቻ ሲያከራክር ኖረ። ቅርጽ ግን አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ እያለ የሚጎትተው ነገር ነው።

መልሱ የመጣው በ2010 ነው። ስቫንቴ ፔቦ የሚባለው ስዊድናዊ ሳይንቲስት፣ ላይፕዚግ ባለው ማክስ ፕላንክ ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ክሮኤሺያ ውስጥ ቪንዲያ ከሚባል ዋሻ በተገኙ ሦስት አጥንቶች የኒያንደርታልን ጂኖም (የዘረመሉን ሙሉ ጽሑፍ ማለት ነው) አነበበ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራው በ2022 ኖቤል ተሸልሟል። ከአጥንቶቹ የተነበበውን ከአምስት በሕይወት ካሉ ሰዎች ጋር አነጻጸሩት፦ አንድ ፈረንሳዊ፣ አንድ ቻይናዊ፣ አንድ የፓፑዋ ሰው፣ አንድ የደቡብ አፍሪካ ሳን፣ አንድ የናይጄሪያ ዮሩባ። ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ከሁለቱ አፍሪካውያን ይልቅ ወደ ኒያንደርታል ቀረብ ብለው ተገኙ። ከአፍሪካ ውጪ ያለ ሰው ከ1 እስከ 4 በመቶ ኒያንደርታል ነው ተባለ፤ በኋላ ቁጥሩ ጠርቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ሆነ።

በግሩፓችን የተለቀቀው ምስል የተወለደው እዚህ ጋ ነው። «ከአፍሪካ ውጪ ያለው 2፣ አፍሪካዊው 0»። ጋዜጦቹ እንደዚያ ጻፉት፣ ሕዝቡም እንደዚያ ያዘው።

ግን አለካኩን አስተውሉት። የተለካው ልዩነት ነው። ፈረንሳዊው ከዮሩባው ምን ያህል ይበልጣል ነው የተባለው። ገበያ ላይ ሚዛን ስታዩ ባዶው ሳህን ላይ ቀድሞ የተረሳ ነገር ካለ፣ ዜሮ ብሎ የሚያሳየው ሚዛን ዜሮ አይደለም። አፍሪካዊውን የሚዛኑ ዜሮ አድርጎ የጀመረ ስሌት፣ አፍሪካዊው ላይ ያለውን ትንሽ ነገር ሊያየው አይችልም፤ አለመኖሩን አረጋግጦ ሳይሆን፣ ገና ከመጀመሪያው የለም ብሎ ስለተነሣ ነው። በዚያ ጊዜ ሌላ ጥሩ መነሻ ስላልነበረ ሳይንቲስቶቹን አልወቅስም። ጥናቱን ለሕዝብ ሲያወሩ ግን ይህን በደንብ ማስረዳት ነበረባቸው። አላስረዱም፤ ለዚህ ነው እኔ ዛሬ ከአጎቶቼ ጋር የምከራከረው።

በ2020 ጆሹዋ ኤኪ እና ሉ ቼን፣ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ አፍሪካዊን ዜሮ ማድረግ የማይፈልግ አዲስ ስሌት ይዘው መጡ። የእያንዳንዱን ሰው ጂኖም በቀጥታ ከኒያንደርታል ጂኖም ጋር ነው የሚያነጻጽረው። ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። አንድ አፍሪካዊ በአማካይ 17 ሚሊዮን ያህል የዘረመል ፊደል ከኒያንደርታል ጋር የሚጋራ ሆኖ ተገኘ። አውሮፓዊ 51 ሚሊዮን፣ ምሥራቅ እስያዊ 55 ሚሊዮን። ማለት አፍሪካዊው የአውሮፓዊውን ሲሶ ያህል አለው። ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። የተጠኑት አፍሪካውያን ደግሞ ዮሩባን ጨምሮ ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮን፣ ከኬንያ ናቸው፤ ከእስያ ድንበር ላይ ያሉ አይደሉም።

እንዴት ገባ? በሁለት መንገድ። አንዱ፣ ወደ ውጪ ወጥተው ከኒያንደርታል ጋር ተዋልደው የነበሩ ሰዎች ልጆች ወደ አፍሪካ ተመለሱ። ይህ ለማሰብ አይከብድም፤ የወጣ መንገደኛ ይመለሳል። ሁለተኛው የበለጠ ይገርማል። ዘረመሉ የሄደው በተቃራኒው ነው፤ ከእኛ ወደ እነሱ። በጣም ቀደም ብለው ከአፍሪካ የወጡ የእኛ ወገኖች ከኒያንደርታል ጋር ተዋልደው፣ የእኛ ቁራጭ በእነሱ ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ አንድ አፍሪካዊና አንድ የኒያንደርታል አጥንት ሲመሳሰሉ ከእነሱ የወረስን ይመስለናል። የመመሳሰሉ አንዱ ክፍል ግን እነሱ ከእኛ የወሰዱት ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ እንምጣ። በ2023 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ ከ12 የአፍሪካ ማኅበረሰቦች የተውጣጡ 180 ሰዎችን ጂኖም ይዘው መጡ። ከካሜሩን፣ ከቦትስዋና፣ ከታንዛኒያ፣ ከኢትዮጵያም። ከእኛ አገር አማራ፣ ዲዚ፣ ሙርሲና ቻቡ ይገኙበታል። ወደ አፍሪካ በተመለሱ ሰዎች በኩል የገባው የኒያንደርታል ድርሻ በእነዚህ ሕዝቦች ውስጥ ከዜሮ እስከ 1.5 በመቶ ሆነ። ከፍተኛው የተገኘው በኢትዮጵያ አማራና በካሜሩን ፉላኒ ላይ ነው።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ውጤት የላቦራቶሪ ስህተት ነው ብሎ መነሣት አያስፈልግም። ከሚጠበቀው ጋር ይሄዳል። «አፍሪካዊ ሁሉ ዜሮ» የሚለው ምስል ግን በእሷ ብቻ ሳይሆን በአጎቶቼም ላይ አይሠራም፤ እነዚያ ሁሉ ጭብጨባዎች የተላኩት የኒያንደርታል ቁራጭ ከተሸከሙ እጆች ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር እዚህ ጋ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አገራችንን አውቃለሁ። «አማራ» የሚለው ስም እዚያ ጥናት ላይ የተጻፈው ናሙና የተወሰደው ከእነሱ ስለሆነ ነው። ትግሬውም፣ ኦሮሞውም፣ አፋሩም፣ ሶማሌውም ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎችን ዘረመል የተሸከመ ነው። ይህ በ2012 ሉካ ፓጋኒ በመራውና ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለም በተሳተፉበት ጥናት ታይቷል። ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ከጂኖማቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጪ ካሉ ሕዝቦች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ነው የተገኘው። ይህ ቁጥር ለብሔር ክርክር ስንቅ እንዲሆን አልፈልግም። 1.5 ያለው ከዜሮ ያለው አይበልጥም፤ ዜሮ ያለውም ከ1.5 ያለው አይበልጥም። ቁጥሩ የሚናገረው አያቶቻችን በየትኛው መንገድ እንዳለፉ ነው።

መንገዱ መቼ ተከፈተ? ይህን ለማወቅ ወደ ጋሞ ተራሮች መውጣት አለብን።

በጋሞ ደጋ ሞጣ የሚባል ዋሻ አለ (ጎጃም ካለው ሞጣ ጋር እንዳይምታታ)። አሜሪካውያኑ አርኪዮሎጂስቶች ካትሪን አርተርና ጆን አርተር ወደዚያ የደረሱት በአካባቢው ሽማግሌዎች መሪነት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዋሻውን የጥንት መሸሸጊያ አድርገው ያውቁታል። በ2012 ሲቆፍሩ ከድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ ሰው አገኙ። ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ወንድ ነው። ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው።

ሙቀት ዘረመልን ይበላዋል። ለዚህ ነው ከአፍሪካ የጥንት ዘረመል ማውጣት አይቻልም ይባል የነበረው። ሞጣ ግን ደጋ ነው፣ ዋሻው ቀዝቃዛ ነው። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት ደግሞ ከጆሮ ጀርባ፣ የውስጥ ጆሮን ከቦ የሚይዘውን አጥንት ነው። ከሰው አጥንት ሁሉ እጅግ ጥቅጥቅ ያለው እሱ ነው። ጣታችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ አድርጋችሁ ብትጫኑ የምትነኩት ጉብታ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ሲል ያለው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ የባይራ ዘረመል ለ4,500 ዓመት ሳይበሰብስ ቆየ። በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ጂኖም ሆነ።

ባይራ ውስጥ ከአፍሪካ ውጪ የመጣው ያ ትልቅ ድርሻ የለም። ዛሬ ካሉ ሕዝቦች ሁሉ የሚቀርበው የደቡቡ አሪ ነው። ይህ ማለት ቢያንስ በጋሞ ደጋ ላይ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት፣ የተመላሾቹ ደም ገና አልደረሰም። የፓጋኒ ጥናት ደግሞ ትልቁ መቀላቀል ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላል። በሁለቱ መካከል ነው መንገዱ የሞላው። 3,000 ዓመት ስትሉ ቅርብ ነው፤ በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ ሰው፣ እህል፣ ቋንቋ የሚመላለስበት ዘመን ነው፣ ትግራይ ያለው የየሃ ቤተ መቅደስ ከመሠራቱ ብዙም ያልራቀ። ሁሉም በአንድ ጊዜ በአንድ ጀልባ መጣ እያልኩ አይደለም። ከብት እየነዱ በአባይ ሸለቆ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የወረዱ እረኞችም ቀደም ብለው ከሰሜን ይዘውት የመጡት ነገር ነበር።

ስለ ሞጣ አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ጥናቱ መጀመሪያ ሲወጣ «የተመላሾቹ ዘረመል በመላው አፍሪካ፣ እስከ ዮሩባና እስከ ኮንጎ ምቡቲ ድረስ ደርሷል፤ ኒያንደርታልም አብሮ» ብሎ ነበር። ከወራት በኋላ፣ በጥር 2016፣ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ። ሁለት ሶፍትዌሮች መረጃ ሲቀባበሉ አንድ ደረጃ ተዘልሎ ነበር፤ ስህተቱን ያስተዋሉት ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ወስደው እንደገና ሲያሰሉት ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ውጤት ጸንቶ ቀረ፣ የመላው አፍሪካው ግን ወደቀ። ከዚያ በ2020፣ በፍጹም ሌላ መንገድ፣ ዮሩባም ትንሽ ኒያንደርታል እንዳለበት ተገኘ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «አያችሁ፣ ሳይንስ ይዋሻል» ይላል። እኔ ግን የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ስህተቱን በራሱ ስም ያወጀ ሰው ያስተምረኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰባት ቤት።

በእኛ በኩል ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ። በዚያ ውስጥ ደም ከተገናኘ ጋብቻው አይሆንም። ይህን ቆጠራ ይዛችሁ ሁለት አጥንቶችን ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ከሩማንያ ነው፤ ኦአሴ ከሚባል ዋሻ የተገኘ መንጋጋ፣ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ። ሰውየው የእኛ ወገን ነው፣ ሆሞ ሳፒየንስ። በ2015 ዘረመሉ ሲነበብ ግን ከ6 እስከ 9 በመቶው ኒያንደርታል ሆነ። ቁራጮቹም በጣም ረጃጅም ነበሩ። የዘረመል ቁራጭ በየትውልዱ እየተቆራረጠ ያጥራል፤ ረጅም ከሆነ ቅርብ ነው ማለት ነው። ሲሰላ፣ ኒያንደርታሉ ከእሱ ከ4 እስከ 6 ትውልድ ብቻ ወደ ኋላ ሆኖ ተገኘ። ከምንጅላት እያንዳንዱ ሰው አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርሳል፣ 6 በመቶ ከምናምን ማለት ነው። እንግዲህ የኦአሴ ሰውዬ ቤተሰብ ሽማግሌ አስቀምጦ ሰባት ቤት ቢቆጠርለት ኒያንደርታሉ አያት በስም ይጠራ ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። በሩቁ «ዝርያ» ብለን የምንጠራው ነገር፣ ለእሱ የአያቱ አያት ነበር ወይም ነበረች።

ሁለተኛው ከአልታይ ነው፤ ዴኒሶቫ ዋሻ ውስጥ የተገኘ የአንዲት ኒያንደርታል ሴት የእግር ጣት አጥንት። በ2014 ጂኖሟ ሲታተም አባቷና እናቷ በአንድ ወላጅ የሚገናኙ ወንድምና እህትን ያህል የሚቀራረቡ ሆነው ተገኙ። አጎትና የእህት ልጅም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመቅረቡ መጠን አንድ ነው። ይህን በንቀት አልናገረውም። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ምድረ በዳ፣ ጎረቤት በሌለበት ጥቂት ቤተሰብ ሆነው ሲኖሩ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ሰው አልነበራቸውም።

ውጤቱ ግን በእኛ ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ማኅበረሰብ ትንሽ ሲሆንና ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ፣ ጎጂ የሆኑ ጥቃቅን የዘረመል ስህተቶች ሳይጠረጉ ይከማቻሉ። ኒያንደርታሎች ይህን ሸክም ይዘው ነበር ከእኛ ጋር የተገናኙት። የመጀመሪያዎቹ ክልስ ልጆች ግማሽ በግማሽ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ድርሻው በሰፊው ሕዝብ ውስጥ እየሳሳ፣ ጎጂው ቁራጭም በየትውልዱ እየተጠረገ ሄደ። ዛሬ የቀረው 2 በመቶ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ጂኖማችን ላይ ኒያንደርታል ጨርሶ የሌለባቸው ሰፋፊ ቦታዎች አሉ፤ ተመራማሪዎቹ በረሃ ይሏቸዋል። ዘረመላችን ክሮሞዞም በሚባሉ ጥቅሎች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፤ ከእነሱ ኤክስ ክሮሞዞም በተለይ የተራቆተ ነው። ከንግግር ጋር የሚያያዘው ፎክስፒ2 የሚባለው ጂን ያለበት አካባቢም እንደዚያው።

የቲሽኮፍ ቡድን ጥናት ደግሞ መስተዋቱን አሳየን። ከኒያንደርታል ጂኖም ቢያንስ 6 በመቶው ከእኛ ወገኖች የተወረሰ ነው፤ መገናኘቱም ከ250 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት። ከአልታዩዋ ሴት ሁሉ የቀደመ። በእነሱ ውስጥም የእኛ ቁራጭ ጠቃሚ ከሆኑት ጂኖች ላይ እየተጠረገ ነበር፣ ልክ የእነሱ ከእኛ እንደተጠረገው። «የኛው ጥሩ የእነሱ መጥፎ» ሳይሆን፣ ለረጅም ጊዜ ተለያይቶ የኖረ ሁለት ነገር ሲገናኝ በሁለቱም በኩል የማይጋጠም ክር ነበረው።

ከተረፈው ውስጥ ዛሬም የሚሠራ አለ። በኮቪድ ጊዜ ሁጎ ዜበርግና ፔቦ በ2020 አንድ ነገር አሳዩ። በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ 50 ሺህ ፊደል ያህል የሚረዝም የኒያንደርታል ቁራጭ፣ የተሸከመው ሰው በኮቪድ ሲያዝ ክፉኛ የመታመም ዕድሉን ይጨምራል። በደቡብ እስያ ግማሽ ያህሉ ሰው አለው፤ በአውሮፓ 16 በመቶ፤ በአፍሪካ የለም በሚባል ደረጃ። ወዲያው «አፍሪካን ከኮቪድ ያዳናት ይሄ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ይሄም ተጋኗል፤ የሕዝባችን ወጣትነት ብቻ እንኳ ብዙ ነገር ይናገራል። በ12ኛው ክሮሞዞም ላይ ደግሞ ሌላ የኒያንደርታል ቁራጭ አለ፣ ይሄኛው በኮቪድ ክፉኛ የመታመምን ዕድል በ20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያ የ3ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ራሱ በኤችአይቪ የመያዝን ዕድል እንደሚቀንስ ዜበርግ በ2022 አሳይቷል። አንድ ቁራጭ፣ በአንድ በሽታ ጠላት፣ በሌላው ወዳጅ። ከአውሮፓ ሴቶች ሲሶ ያህሉ የተሸከሙት አንድ የኒያንደርታል ጂን ደግሞ ከጥቂት የፅንስ መጨንገፍና ከብዙ ልጅ ጋር ተያይዟል። ወረርሽኝ ሲመጣና ሲሄድ የሚጠቅመውና የሚጎዳው ይቀያየራል፤ «የኒያንደርታል ደም ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብሎ በደፈናው መናገር አይቻልም።

ምራቅ ልከው ለሚያስመረምሩ ዘመዶቼም አንድ ቃል። የእነዚህ ኩባንያዎች የኒያንደርታል ቁጥር ግምት ነው። የተወሰኑ ነጥቦችን መርጠው ይቆጥራሉ፤ ነጥቦቹ በአብዛኛው የተመረጡት ከአውሮፓና ከእስያ ሰዎች ነው፤ በመረጃ ቋታቸው ውስጥ ያለው ኢትዮጵያዊም ጥቂት ነው። ስለዚህ «ከአማቼ በ3 ነጥብ እበልጣለሁ» የሚል ወሬ ትርጉም የለውም። ደግሞም ዘረመል እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ በመጋቢት 2025 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ሚሊዮኖች ምራቃቸው በማን እጅ እንደሚገባ ተጨንቀዋል። ከመላካችሁ በፊት ቅጹን አንብቡ፤ ማጥፋት ከፈለጋችሁ እንዴት እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ እወቁ።

በታኅሣሥ 2024 የወጡ ሁለት ጥናቶች የመገናኛውን ጊዜ በደንብ አጠበቡት። ዛሬ በሰዎች ዘንድ ካለው የኒያንደርታል ድርሻ አብዛኛው የገባው ከ50,500 እስከ 43,500 ዓመት በፊት ባሉት 7 ሺህ ዓመታት ውስጥ ነው። ጀርመን ራኒስ ከሚባል ቦታ የተገኙ ሰዎችና ቼክ አገር የተገኘች አንዲት ሴት ይዘውት ተገኝተዋል። የቤጂንጉም፣ የፓሪሱም፣ የአክስቴ ልጅም ቁራጭ ከዚያው መገናኘት የተቀዳ ነው። እሷ ጋ የደረሰው 1,700 ትውልድ ያህል ተጉዞ፣ በምዕራብ እስያ ዞሮ፣ በመጨረሻ ባሕር ተሻግሮ ወይም አባይን ተከትሎ ደጋ ወጥቶ ነው።

ይህን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ ግሩፑ ላይ ላክሁት። አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰማችውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈች፦ «ልጅቷ ያመጣችው ከእኔ ነው ከአባቷ?» ከሁለታችሁም ነው፣ አልኳት። እያንዳንዱ ወላጅ ከያዘው ግማሹን ያቀብላል፣ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን ዕጣ ነው። ወንድሟ ቢመረመር ቁጥሩ ተቀራራቢ ይሆናል፤ ከቁራጮቹ ግን ግማሽ ያህሉ ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከአንዱ ሰው የጠፋው በሌላው ውስጥ አለ፤ በዓለም ላይ በሕይወት ካሉ ሰዎች የተሰበሰበው ቁራጭ አንድ ላይ ሲገጣጠም ከኒያንደርታል ጂኖም ቢያንስ 20 በመቶ ያህሉን መልሶ ይሠራል።